ስለ ሐዋላና ስለ አዲሱ የገንዘብ መላኪያ

በከተማችን ልጁ ወይም ወንድሙ በባሕር ማዶ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ከአሜሪካ፥ ከአውሮፓ፥ ከዐረብ አገር በየወሩ የሚመጣው ገንዘብ ለብዙዎች የቤት ኪራይና የልጆች ማስተማሪያ፥ ይልቁንም የሕመም ቀን መድኃኒት ሆኖአል። ስለዚህ ገንዘቡ በምን መንገድ ይምጣ የሚለው ጥያቄ የባንክ ሹማምንት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ እናትና ልጅ በስልክ የሚነጋገሩበት የቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኖአል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በውጭ ያሉት ልጆቻችን ስቴብልኮይን ስለሚባል ገንዘብ ያወሩልናል፤ ባንክ ሳይገባ፥ ሰንበትና በዓል ሳይከለክለው፥ በጥቂት ሳንቲም ኪሳራ በደቂቃ ውስጥ ይደርሳል ይሉናል። የሚሉት እውነት ነውን? እውነትስ ከሆነ ሙሉ እውነት ነውን? ይህን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ለመግለጽ አስበን የምናውቀውን ጻፍን። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንዳደረግነው አንባቢ ልብ ይበል።

ለመጻፍ ያነሣሣን በጐረቤታችን ቤት የሆነ ነገር ነው። ባለቤታቸው በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን አገልግለው ያረፉ አንዲት እመቤት ሁለቱንም ዐይኖቻቸውን ሞራ ሸፈነባቸው። ሐኪሙም የአንደኛው ዐይን ሞራ በቶሎ ይገፈፍ ብሎ ቀን ቈረጠላቸው። በዋሽንግተን ያለችው ልጃቸው ይህን በሰማች ጊዜ 400 ዶላር ለመላክ ተነሣች፤ ቀኑ ግን ዐርብ ማታ ነበርና ባንኩ እስከ ሰኞ እንደማይከፍት ዐውቃ፥ «እምዬ፥ በአዲሱ መንገድ እልከዋለሁ፤ ዛሬውኑ ከእጅዎ ይገባል» አለቻቸው። እመቤቲቱም የጽሕፈት ሰው ናቸው ብለው እኛን አስጠሩን። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ወደ ኋላ እንናገራለን፤ አስቀድሞ ግን የነገሩን ሥር እንመልከት።

ሐዋላ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ነገሩም ጥንታዊ ነው። በአንድ ከተማ ያለ ነጋዴ ገንዘብ ተቀብሎ በሌላ ከተማ ላለው ባልንጀራው ደብዳቤ ይጽፋል፤ ባልንጀራውም ደብዳቤውን አይቶ ለተላከለት ሰው ይከፍላል። ገንዘቡ ራሱ ከሣጥኑ አልተነቃነቀም፤ የሄደው ቃል ነው፤ የቀረውም በሁለቱ ነጋዴዎች መዝገብ የተጻፈ ዕዳ ነው። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው የቃሉ ፍጥነት ነው። በ1871 ዌስተርን ዩኒየን የሚባለው የአሜሪካ ማኅበር ገንዘብን በቴሌግራፍ መላክ ጀመረ፤ በ1973 ደግሞ የብዙ አገር ባንኮች ተባብረው ስዊፍት የሚባለውን የመልእክት ማኅበር በቤልጅየም አቋቋሙ። ዛሬ አንድ ባንክ ከሌላ አገር ባንክ ጋር የሚነጋገረው በአብዛኛው በዚሁ በስዊፍት ነው። ዳሩ ግን ስዊፍት መልእክት ያደርሳል እንጂ ገንዘብ አያጓጕዝም። ሁለቱ ባንኮች እርስ በርሳቸው ሒሳብ ከሌላቸው በመካከላቸው ሌላ ባንክ፥ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ባንክ ይገባል፤ እያንዳንዱም መዝገቡን ያገላብጣል፥ የላኪውን ማንነት ይመረምራል፥ ዋጋውን ይቈርጣል፥ በሰንበት ይዘጋል።

ዋጋው ምን ያህል ነው? የዓለም ባንክ እንደሚቈጥረው፥ በቅርብ ዓመታት 200 ዶላር ከአገር ወደ አገር ለመላክ የሚወጣው መካከለኛ ኪሳራ በዓለም ከመቶ 6 እጅ በላይ ነው፤ ከሰሐራ በታች ወዳሉት የአፍሪካ አገሮች ሲላክ ደግሞ ከመቶ 8 እጅ ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ማለት ከ200 ዶላር 16 ያህሉ በመንገድ ይቀራል ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ይህ ኪሳራ እስከ 2030 ድረስ ከመቶ 3 እጅ በታች እንዲወርድ በ2015 ተስማምተው ነበር፤ ሥራው ግን ከቃሉ ርቆ ቀርቶአል። አዲሱ መንገድ የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የልጆች ሞኝነት ብቻ እንዳይመስለን።

አሁን ወደ አዲሱ ገንዘብ እንግባ። በ2009 ቢትኮይን የሚባል፥ መንግሥት ያላተመው፥ በኮምፒውተር መዝገብ ብቻ የሚኖር ገንዘብ ተጀመረ። ነገር ግን ዋጋው ዛሬ ሲወጣ ነገ ሲወርድ ስለሚኖር፥ ለእናቱ የመድኃኒት ገንዘብ ለሚልክ ሰው አይመችም፤ ዐርብ የላከው 400 ሰኞ 350 ሆኖ ቢገኝ ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ በ2014 ቴተር የተባለው፥ በ2018 ደግሞ ሰርክል የሚባል ማኅበር ያወጣው ዩኤስዲሲ የተባለው መጡ። የእነዚህ ሥራ እንዲህ ነው፤ ማኅበሩ ዶላር ተቀብሎ በባንክ ወይም በአሜሪካ መንግሥት የዕዳ ወረቀት አድርጎ ያስቀምጣል፤ በምትኩም ለያንዳንዱ ዶላር አንድ ምልክት በመዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ምልክቱ ሲመለስለት ዶላሩን ይመልሳል። ስለዚህ የምልክቱ ዋጋ ከዶላር አይለይም ይባላል፤ ስቴብልኮይን ማለትም ዋጋው የጸና ገንዘብ ማለት ነው።

አባቶቻችን ይህን ቢሰሙ የማርያ ቴሬዛን ብር ባስታወሱ ነበር። ያ ብር ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ እንኳ በዚያው መልክ፥ 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ እየታተመ ወደ አገራችን ሲገባ ኖረ። የአገራችን ሰው የኦስትሪያን ምድር ሳያይ ብሩን ያመነው፥ ክብደቱ 28 ግራም ያህል፥ በውስጡም ያለው ንጹሕ ብር 23 ግራም ያህል ሆኖ ስለማይለወጥ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ልዩነት አለ፤ ይህንንም አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን። የማርያ ቴሬዛ ብር ዋጋው በራሱ ውስጥ ነበረ፤ ንግሥቲቱም መንግሥቷም ቢያልፉ ብሩ ብር ነው። ስቴብልኮይን ግን በራሱ ውስጥ ምንም የለውም፤ ዋጋው ያለው በሩቅ አገር በተቀመጠ ሣጥንና ሣጥኑን በሚጠብቀው ሰው ታማኝነት ነው።

ምልክቱ የሚጻፍበት መዝገብ ብሎክቼይን ይባላል፤ በአማርኛ የሰንሰለት መዝገብ ብንለው ይስማማዋል። እኛ ዘመናችንን በመዝገብ መካከል ያሳለፍን ስለ ሆንን ይህን ክፍል የተማርነው በደስታ ነው። በእኛ መዝገብ ቤት መዝገቡ አንድ ነው፤ ቅጠሉ ቢገነጠል፥ ቀለሙ ቢፋቅ፥ አይጥ ቢበላው የሚጐዳው ባለጉዳዩ ነው። የሰንሰለት መዝገብ ግን በዓለም ሁሉ በተበተኑ ብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ግልባጩ ይገኛል። እያንዳንዱ ገጽ ሲዘጋ በገጹ ያለው ጽሕፈት ሁሉ ተሰልቶ አንድ ቍጥር ይወጣለታል፤ ያም ቍጥር በሚቀጥለው ገጽ ራስ ላይ ይጻፋል። በቀደመው ገጽ አንዲት ፊደል ብትፋቅ ቍጥሩ ይለወጣል፤ ቍጥሩም ሲለወጥ ተከታዮቹ ገጾች ሁሉ ሐሰቱን ይመሰክሩበታል። ኢተርየም በሚባለው መዝገብ አዲስ ገጽ በ12 ሰከንድ አንድ ጊዜ፥ ትሮን በሚባለው ደግሞ በ3 ሰከንድ አንድ ጊዜ ይጻፋል። ሰንበት የለ፥ ሌሊት የለ። ለማስጻፊያ የሚከፈለው ዋጋ እንደ መዝገቡና እንደ ሰዓቱ ከአንድ ሳንቲም በታች እስከ ጥቂት ዶላር ነው፤ ባለጉዳይ በበዛበት ጊዜ ግን፥ በ2021 በኢተርየም እንደ ታየው፥ ብዙ አሥር ዶላር የተከፈለበት ቀን ነበረ። የሚላከው 200 ዶላር ቢሆን ወይም 200,000 ማስጻፊያው በገንዘቡ ልክ አይጨምርም።

እንግዲህ የልጆቻችን ቃል እውነት ነው፤ መንገዱ አጭርና ርካሽ ነው። ዳሩ ግን መንገድ ሁለት ጫፍ አለው። በወዲያኛው ጫፍ ዶላሩ ምልክት ይሆን ዘንድ፥ በወዲህኛው ጫፍ ምልክቱ ብር ይሆን ዘንድ ያስፈልጋል፤ ሐኪምም መድኃኒት ሻጭም ምልክት አይቀበሉምና። የጐረቤታችንም ነገር የተሰናከለው በዚህ በወዲህኛው ጫፍ ነው።

እመቤቲቱ ምልክቱን የሚቀበሉበት የራሳቸው አድራሻ ስላልነበራቸው፥ ልጃቸው የላከችው በሰው በሰው ወደ ተገኘ አንድ ደላላ አድራሻ ነው። እኛም መዝገቡን በስልኩ መስተዋት አየነው፤ ከተላከ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ 400 ምልክት ከደላላው አድራሻ ገብቶ ተጽፎአል። ደላላው ግን ሲደወልለት «ዛሬ ብር የለኝም፥ ነገ ይሁን» አለ። በማግሥቱ ደግሞ «ዋጋው ወርዶአል» አለ። በሦስተኛው ቀን ስልኩን አላነሣም። ሐኪሙ የቈረጠው ቀን አለፈ። በአምስተኛው ቀን ብሩን አመጣ፤ ያመጣውም ከተነጋገሩበት የ45 ዶላር ያህል ዋጋ ጐድሎ ነበር። ባሕር ተሻግሮ በደቂቃ የመጣው ገንዘብ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር ለመሻገር አምስት ቀን ፈጀ፤ ኪሳራውም ከመቶ 11 እጅ ሆነ።

እመቤቲቱ «ልከሰው ብል ምን ብዬ ልክሰሰው?» ብለው ጠየቁን። እኛም ለመመለስ ተቸገርን። ደረሰኝ የለም፤ ውል የለም፤ ምስክሩ መዝገቡ ብቻ ነው። መዝገቡም 400 ምልክት ከዚህ አድራሻ ወደዚያ አድራሻ መሄዱን አይዋሽም፤ ነገር ግን አድራሻ የሚባለው የላቲን ፊደልና ቍጥር ተሰካክቶ የተጻፈበት ረጅም መስመር እንጂ የሰው ስም አይደለም። ደላላው «ያ አድራሻ የእኔ አይደለም» ቢል በምን ይረታል? ከዚህም በላይ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ባወጣው ማስታወቂያ፥ በአገር ውስጥ ክፍያ የሚፈጸመው በብር መሆኑንና እንዲህ ባለ ምልክት የሚደረገው ክፍያና ዝውውር ፈቃድ የሌለው መሆኑን ለሕዝብ አስታውቆ ነበርና፥ ከሳሽ ሆኖ የቀረበ ሰው ወዲያው ራሱ መልስ ሰጪ እንዳይሆን ያሰጋል። በችሎት ብዙ ዓይነት ባለጉዳይ አይተናል፤ እውነቱን ይዞ ፍርድ ቤት ለመግባት የሚፈራ ባለጉዳይ ግን ከሁሉ ያሳዝናል።

አንድ የሚሸሸግ ነገር ደግሞ አለ። ብዙ ሰው የማስጻፊያውን ርካሽነት እያነሣ የሚናገረው በእውነቱ ስለ ምንዛሪ ነው። እስከ 2024 እኩሌታ ድረስ ባንክ አንዱን ዶላር በ57 ብር ገደማ ሲመነዝር፥ በስውር ገበያ የዚያ እጥፍ ገደማ ይከፈልበት ነበር። በዚያ ዘመን ላኪው ከባንክ የሚሸሸው 16 ዶላር ለማትረፍ ሳይሆን የገንዘቡን እኩሌታ ላለማጣት ነበር። በጁላይ 29 ቀን 2024 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በፈቀደ ጊዜ፥ የንግድ ባንክ ዋጋ በዚያው ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፤ ብዙም ሳይቈይ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት የተሰላ ሒሳብ ከዚያ ቀን በኋላ አያገለግልም። በውጭ ያለ ልጅ «በባንክ ብልክ እከስራለሁ» ሲል፥ ይህን ያሰላው መቼ እንደ ሆነ ይጠየቅ። የጐረቤታችን ልጅም ያሰላችው በቀድሞው ዋጋ እንደ ነበረ ኋላ ራሷ ነገረችን።

ስለ ሣጥኑ ጠባቂ ደግሞ ጥቂት እንበል። በሜይ ወር 2022 ቴራ የሚባለው ስቴብልኮይን ወደቀ። ይህ እንደ ሌሎቹ የዶላር ሣጥን አልነበረውም፤ የሚደግፈው ሉና የሚባል በዚያው ማኅበር የተሠራ ሌላ ምልክት ነበረ፤ እንደ ሁለት ሰካራሞች እርስ በርስ ተደጋግፈው ይሄዱ ነበርና አንዱ ሲንገዳገድ ሁለቱም ወደቁ። በጥቂት ቀን ውስጥ 40 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዋጋ ጠፋ። ሠሪው ዶ ኩዎን የተባለው የኮርያ ሰው በ2025 በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አመነ። ከሁሉ በላይ የታወቀው ቴተርም ቢሆን፥ እያንዳንዱ ምልክት ሁልጊዜ ሙሉ ዶላር አለው ብሎ የተናገረው ሐሰት ሆኖ የተገኘበት ጊዜ እንደ ነበረ የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ከመረመረ በኋላ፥ በ2021 18.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ታረቀ።

ይልቁንም ለቤተ ሰብ ትምህርት የሚሆነው በማርች 2023 የሆነው ነው፤ በዚያ ጊዜ የተናወጠው በጥንቃቄው የሚመሰገነው ዩኤስዲሲ ነበርና። ዐርብ ማርች 10 ቀን ሲሊኮን ቫሊ የሚባለው የአሜሪካ ባንክ ተዘጋ። ሰርክልም ከምልክቱ መያዣ ውስጥ 3.3 ቢሊዮን ዶላር በዚያ ባንክ መኖሩን ገለጠ። ያ ገንዘብ ከመያዣው ሁሉ ከዐሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ነገር ግን ሰንበት ነውና ባንኮች ዝግ ናቸው፥ የሚጠየቅ የለም፥ መዝገቡ ግን ሌሊትና ቀን ክፍት ነው። ቅዳሜ አንዱ ምልክት እስከ 88 ሳንቲም ገደማና ከዚያም በታች ተሸጠ። እሑድ ማታ የአሜሪካ መንግሥት የባንኩ አስቀማጮች ሁሉ ገንዘባቸውን ያገኛሉ ብሎ ባስታወቀ ጊዜ ዋጋው ተመለሰ። የታገሠ ሰው ምንም አልጐደለበትም። ነገር ግን በዚያች ቅዳሜ ለሐኪም መክፈል የነበረበት ሰው ምን ያድርግ? ሰንበትን የማያውቀው መዝገብ ሰንበትን በሚያከብር ባንክ ላይ የቆመ መሆኑ በዚያ ቀን ታየ።

ከዚህ ወዲህ ሕግ እየተከተለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ስለ ስቴብልኮይን የደነገገው ከጁን 30 ቀን 2024 ጀምሮ ይሠራበታል። በአሜሪካም በጁላይ 18 ቀን 2025 ፕሬዚዳንቱ የፈረሙት ሕግ፥ ምልክት የሚያወጣ ማኅበር ለያንዳንዱ ምልክት ዶላር ወይም አጭር ጊዜ ያለው የመንግሥት የዕዳ ወረቀት እንዲያስቀምጥና ሒሳቡን በየወሩ እንዲገልጥ ያዛል። የታወቁት የገንዘብ ላኪ ማኅበራትም ወደዚሁ እየገቡ ነው፤ ማኒግራም ስቴላር በሚባለው መዝገብ ላይ ዩኤስዲሲን በመስኮቱ በጥሬ ገንዘብ መለወጥ በአንዳንድ አገሮች በ2022 ጀምሮአል። በዚህ ጊዜ ጫፉን የሚጠብቀው ደላላ ሳይሆን ስሙና ቤቱ የታወቀ ተጠያቂ ነው፤ ለእኛ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

ምልክቱን ራሱ ሊይዝ የሚፈልግ ደግሞ ስለ ቁልፉ ይወቅ። አድራሻን የሚከፍተው የምስጢር ቁልፍ ብዙ ጊዜ በ12 ወይም በ24 የእንግሊዝኛ ቃላት ተጽፎ ለባለቤቱ ይሰጣል። ቃላቱን ያገኘ ሰው ገንዘቡን ያገኛል፤ ቃላቱ የጠፉበት ሰው ገንዘቡ ጠፋ። የሚያመለክትበት ሹም የለም። በውርስ ክርክር ላይ ብዙ ዓመት ስለ ጻፍን ይህ ነገር እጅግ ያሳስበናል። አባት በድንገት ቢሞት ባንክ የወራሽነት ማስረጃ አይቶ ለልጆቹ ይከፍላል፤ የሰንሰለት መዝገብ ግን የፍርድ ቤት ማኅተም ቢቀርብለት አያነብም። ምልክቱን ያወጣው ማኅበር አድራሻውን ለማገድ ሥልጣን አለው፤ ቴተርም ሰርክልም በመንግሥት ጥያቄ ይህን ያደርጋሉ፤ ቁልፉን ግን ለወራሽ አያወጡለትም። እንግዲህ ቃላቱ በወረቀት ተጽፈው ከቤቱ ሰነድ ጋር በሣጥን ይቀመጡ፥ ቦታውንም የታመነ ሁለተኛ ሰው ይወቀው፤ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣትና ለሰው መላክ ግን አይገባም።

ስለ አድራሻው የሚሠራ አንድ ተንኰል አለ። ሌባው የእናትን አድራሻ የሚመስል፥ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ፊደላት አንድ የሆኑ ሌላ አድራሻ ይሠራል፤ ከዚያም ለልጅየው ጥቂት ሳንቲም የምታህል ምልክት ይልክለታል፥ አድራሻውም በልጅየው መዝገብ ይቀራል። በሚቀጥለው ወር ልጅየው ከመዝገቡ ላይ አድራሻ ሲገለብጥ የሌባውን ይገለብጣል። እንደ ሰነፍ ጸሐፊ የስሙን ራስና ጅራት ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሁሉ በዚህ ይያዛል። ስለዚህ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ፥ አስቀድሞም አንድ ዶላር ልኮ መድረሱን በስልክ መጠየቅ ያሻል።

እመቤቲቱ ሐኪሙ ሁለተኛ ቀን ቈርጦላቸው የአንደኛው ዐይናቸው ሞራ ተገፈፈ። ለሁለተኛው ዐይን የሚሆነውን ገንዘብ ልጃቸው ሰኞ በባንክ ሰደደችው፤ ረቡዕ ደረሰ። ደረሰኙን ልናነብላቸው እጃችንን ስንዘረጋ ከለከሉን፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው በዳነው ዐይናቸው ከላይ ጀምረው አነበቡት፤ ከታች ከተቈረጠው ዋጋ ዘንድ ሲደርሱም ቆም አሉና «ይህቺ 14 ዶላር የማን ናት?» ብለው ጠየቁን።